የትምህርት ቤት ጨዋታንና የተማሮችን መልክ በፎቶግራፍ ስለ ማስቀረት

ፎቶግራፍ የሚባለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። በቀለም የሚጽፍ ሰው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ ሥራውን እንደሚጀምር፣ በብርሃን የሚጽፍም ሰው ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣና በምን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ደግሞም ስምና ዘመን ያልተጻፈበት መጽሐፍ አንባቢውን እንደሚያስቸግር፣ ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ጥቂት ዘመን ካለፈ በኋላ የማን እንደ ሆነ የሚናገርለት ያጣል። ይህ ትምህርት የተሰናዳው በየገጠሩ ትምህርት ቤት የተማሮችን ሩጫ፣ ዝላይና የኳስ ጨዋታ፣ እንዲሁም የእያንዳንዱን ተማሪ መልክ በፎቶግራፍ ለማስቀረት ለሚያስቡ አስተማሮችና ለሚረዷቸው የአገር ሽማግሎች ነው።

አንዳንድ ሽማግሌ «ልጅ ሲሮጥ ማንሣት ምን ይጠቅማል? ገንዘቡ ለጠመኔ ቢውል አይሻልምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ካሜራ ያለው ስልክ በአስተማሪው ኪስ ስለሚገኝ፣ የሚያስፈልገው ወጪ የወረቀቱ ነው፤ ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው ትጋቱ ነው።

ጥቅሙን ለመረዳት በአርሲ ደጋ የምትገኘውን በቆጂን መመልከት ይበቃል። በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት። ከእርስዋና ከዙሪያዋ ገጠር የወጡት ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን፣ ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ በ10,000 ሜትር፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ተሸልመዋል። ከበቆጂ ልጆች ብዙዎቹን ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበሩ። የዓለም ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ ፊቱን ወደ እነዚህ ሯጮች የመለሰው ካሸነፉ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በትምህርት ቤት ሜዳ ሲሮጡ ቆሞ የሚያያቸው አስተማሪያቸውና የመንደራቸው ሰው ነበር። ከሃምሳ ልጆች መካከል የትኛው ነገ ስሙ እንደሚጠራ ማንም አያውቅምና፣ አስተማሪው ይህን አንሥቼ ያንን ልተው ለማለት አይችልም።

ይሁን እንጂ የወደፊቱን ጀግና ለማግኘት ብቻ ብሎ የሚያነሣ ሰው ሥራውን በግማሽ አውቆታል። የቀሩት አርባ ዘጠኙ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ የልጆች እናትና አባት ይሆናሉ፤ አገሩ የሚሆነው በእነርሱ ነው። ጋዜጠኛ እነርሱን ፈልጎ ወደ መንደሩ አይመጣም። ትምህርት ቤቱ ካላነሣቸው የሚያነሣቸው የለም።

የሚሮጥ ሰው በፎቶግራፍ መነሣት የተቻለው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። በ1831 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1839) የፈረንሳዊው የዳጌር ጥበብ ለዓለም በተገለጠ ጊዜ፣ አንድ መልክ ለመቅረጽ ደቂቃዎች ያስፈልጉ ነበር፤ ስለዚህም ተነሺው እንዳይነቃነቅ ራሱ ከኋላ በብረት ይደገፍ ነበር። በሰኔ 1870 ዓ.ም. ግን ኤድዋርድ ማይብሪጅ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎች በመንገድ ዳር ደርድሮ፣ የሚጋልበው ፈረስ ሲያልፍ በክር እንዲነኩ አድርጎ አነሣ። ከዚያ በፊት ፈረስ ሲጋልብ አራቱ እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከምድር ይነሣሉ ወይስ አይነሡም እየተባለ ክርክር ነበረ። ፎቶግራፉ እንደሚነሡ አስረዳ፤ ነገር ግን ሠዓሊዎች ይሥሉት እንደ ነበረው እግሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዘርግተው ሳለ ሳይሆን፣ ከሆዱ በታች ተሰብስበው ሳለ ነው። ዐይን ብቻውን ይህን ለመለየት አልቻለም ነበር።

አስተማሪው ይህን ነገር በሒሳብ ትምህርት ጊዜ ለተማሮቹ ሊያስረዳ ይችላል። 100 ሜትሩን በ14 ሰከንድ የሚጨርስ ልጅ በአንድ ሰከንድ 7 ሜትር ያህል ይሄዳል። የካሜራው መጋረጃ የሰከንድ 60ኛ እጅ ያህል ተከፍቶ ቢቈይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጁ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ መልኩ ተንዘላዝሎ ይወጣል። የሰከንድ 1,000ኛ እጅ ብቻ ቢከፈት ግን 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጓዛልና ጥርት ብሎ ይታያል። በስልክ የሚያነሣ ሰው ይህን ልክ ብዙ ጊዜ ራሱ አይመርጠውም፤ ስልኩ ይመርጥለታል። ስልኩም ብርሃን ሲበዛ መጋረጃውን ያፈጥናል፣ ብርሃን ሲያንስ ያዘገያል። ከዚህም የተነሣ ሩጫን ደመና በከበደበት ምሽት ማንሣት ድካም ነው፤ ፀሐይ ባለበት ጊዜ ማንሣት ይቀላል።

የሚቆሙበት ስፍራም ይረዳል። በፊት ለፊት የሚሮጥ ልጅ መልኩ እምብዛም አይንዘላዘልም፤ በጎን የሚያልፍ ግን ይንዘላዘላል። ስለዚህ አንሺው ከመጨረሻው መስመር አልፎ፣ ከሯጮቹ መንገድ ወጣ ብሎ፣ ፊታቸውን እያየ ይቁም። በጎን ማንሣት ግድ ቢሆንበት፣ ካሜራውን ከሯጩ ጋር አብሮ እያዞረ ያንሣ፤ ያን ጊዜ ልጁ ጠርቶ ኋላው ያለው ዛፍና አጥር ይንዘላዘላል፣ ይህም ፍጥነቱን ያሳያል። የሚዘልል ልጅ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ከመመለሱ በፊት ለቅጽበት ያህል የቆመ ይመስላል፤ የሚነሣው በዚያች ቅጽበት ነው። ይህን ለመያዝ ልጁ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን ሊነሣ ሲል ጣትን ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ዐይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ ጊዜው ያልፋልና።

የሯጭን እግር ቈርጦ ማስቀረት በጀማሮች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ እግሩ ባይታይበት ኖሮ ነገሩ በጐደለ ነበር። ደግሞም ግብ የገባበትን ልጅ፣ ከኋላ የቀረውን፣ ወድቆ ጕልበቱን የሚያራግፈውን፣ ከሜዳው ዳር በትራቸውን ተደግፈው የሚመለከቱትን ሽማግሎች ማንሣት ይገባል። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ የመንደሩ ሰው በብዙ ደስታ የሚያየው ጽዋውን ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላ ያለውን የሣር ቤት፣ ዛሬ የሌለውን ዛፍ፣ በጨርቅ የተሠራውን ኳስ ይፈልጋል። የወደቀው ልጅ ግን የሚያፍር ከሆነ፣ ፎቶግራፉ ለእርሱ ሳይታይ ለማንም አይታይ።

ብልጭታ የሚሰጠውን መብራት በሚዘልል ወይም ኳስ በሚይዝ ልጅ ዐይን ላይ ማብራት አደጋ ስላለው ፈጽሞ አይደረግም።

አሁን መልክ ወደ ማንሣት እንመለስ። በብዙ የገጠር ቤት የልጁ ፎቶግራፍ ተብሎ የሚገኘው ለፈተና ወይም ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ ብቻ ነው፤ እርሱም ልጁ ደንግጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደ ተከሳሽ ቆሞ የተነሣው ነው። አስተማሪው ከዚህ የተሻለ ለማንሣት ዕቃ አይቸግረውም። በአገራችን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ወደ ላይ ስለምትወጣ፣ በሜዳ ላይ የቆመ ሰው ዐይኑ ጕድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ግንባሩም ያበራል። ስለዚህ ልጁን ከቀጥተኛ ፀሐይ ማራቅ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ስፍራ የክፍሉ በር ነው፤ ልጁ ከደጁ ወደ ውስጥ አንድ ርምጃ ገብቶ ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር፣ አንሺው በውጭ ይቁም። ብርሃኑ ለስልሶ ፊቱን ሁሉ ያለብሰዋል፤ ኋላው ያለው ጨለማም የክፍሉን ዝብርቅርቅ ይሸፍናል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የፊት ቀለም ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ደምሮ መካከለኛ ብርሃን ሊያደርገው የተሠራ ስለሆነ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች ልጅ ወይም ከበስተኋላው ብሩህ ሰማይ ያለበት ልጅ ሲነሣ፣ ነጩን ለማብረድ ብሎ ፊቱን ጥላሸት ያስመስለዋል። ከበሩ ውስጥ ጨለማ በርትቶ እንደ ሆነ ደግሞ በተቃራኒው ፊቱን ያነጣዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከማንሣት በፊት በስልኩ መስታወት ላይ የልጁን ፊት በጣት መንካት ነው፣ ያን ጊዜ ካሜራው ልኩን ከፊቱ ይወስዳል። ይህ ችግር የቈየ ነው። በአሜሪካ የኮዳክ ኩባንያ ፎቶ ቤቶች የቀለማቸውን ልክ ያስተካክሉበት ዘንድ ይልከው የነበረው ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ሥዕል ያለበት ነበር፤ ስለዚህ የጥቁር ሰው መልክ በፊልሙ ላይ እየጨለመ ይወጣ ነበር፣ ካርዱም የልዩ ልዩ ሕዝብ መልክ እንዲኖርበት የተደረገው ዘግይቶ ነው። እንግዲህ ፎቶግራፉ ጠቁሮ ሲወጣ ጥፋቱ የልጁ መልክ እንዳይመስለው፣ አስተማሪው ለልጁ ቢያስረዳው መልካም ነው።

ካሜራው በልጁ ዐይን ልክ ይሁን፤ ለታናሹ ልጅ አንሺው በርከክ ይበል። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ልጅ የተገሠጸ ይመስላል። በስልክ እጅግ ተጠግቶ ማንሣት አፍንጫን ያተልቃል፣ ጆሮን ያሳንሳል፤ ሁለት ርምጃ ያህል መራቅ ይበቃል። «ሣቅ» ብሎ ማስገደድ አያስፈልግም፤ የደስታም የዝምታም መልክ የልጁ ነው። ልብሱ ያረጀበት ልጅ ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ ይሸሻል። አስተማሪው ስለ ልብሱ አንዳች ሳይናገር፣ የክፍሉን ልጆች ሁሉ ከትከሻ በላይ ብቻ ቢያነሣ፣ ያ ልጅ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሆናል። ብዙ ልጆች በአንድነት ሲነሡ ደግሞ «የካሜራውን መነጽር የማታይ ዐይን በካሜራ አትታይም» ብሎ መንገር ረጅሙ አጭሩን እንዳይጋርድ ያደርጋል፤ የሚጨፍን አይጠፋምና ሦስት ጊዜ ማንሣት ያስፈልጋል።

በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት ሆነ ተብሎ የሚነገር ነገር አለ። አስተማሪው በየዓመቱ የሚያነሣው ያሸነፉትን ነበር። ከተማሮቹ አንዱ በሩጫም በኳስም የማይመረጥ፣ ነገር ግን ጨዋታ በተደረገ ቍጥር ከግቡ ኋላ ቆሞ የወጣውን ኳስ ሮጦ የሚያመጣ ልጅ ነበረ። በክረምት ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። አርባው ሳይደርስ እናቱ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣችና «ልጆቹ፣ መምህሩ ጨዋታ በሆነ ቍጥር ፎቶግራፍ ያነሣሉ ብለውኛል፤ የኔም ልጅ ከሜዳው አይጠፋም ነበርና ይኖራል ብዬ መጣሁ» አለች። አስተማሪው የሦስት ዓመቱን ፎቶግራፍ ሁሉ በፊቷ ፈለገ። በአንዱ ብቻ ተገኘ፤ ከግብ ጠባቂው ክንድ በስተኋላ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ጆሮውና ትከሻው ብቻ ይታያል። ለማጉላት ቢሞክር ፊቱ ሊመጣ አልቻለም። እናቲቱ ጥቂት አይታ «ትከሻው የርሱ ነው» አለችና እርሱኑ አሳጥቦ እንዲሰጣት ለመነችው። በሚከተለው ዓመት አስተማሪው ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት የተማሮቹን ስም ዝርዝር አነሣ።

ዝርዝሩ የዚህ ሥራ ዋና መሣሪያ ነው። አስተማሪው በመዝገቡ ላይ በእያንዳንዱ ስም አንጻር ያነሣበትን ቀን ይጽፋል። ፎቶግራፉ ከታተመ በኋላም በጀርባው በስተዳር በኩል በለስላሳ እርሳስ የልጁ ስም ከነአባቱ፣ የክፍሉ ቍጥር፣ ስፍራው፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፋል። እስክሪብቶ ግን ቀለሙ ወደ ፊቱ ሊያልፍ፣ ጫፉም ወረቀቱን ሊያጐድጕድ ስለሚችል አይመረጥም። በአንድነት የተነሡ እንደ ሆነ ከግራ ወደ ቀኝ በየረድፉ ይጻፋል። «ይህንማ ማን ይረሳዋል» ማለት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አስተማሪው ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፣ ልጆቹ ያድጋሉ፣ መልካቸውም ይለወጣል።

በአሜሪካ በአርካንሶ ክፍለ ሀገር ሂበር ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ማይክ ዲስፋርመር የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። ከሰሜን በሚገባ ብርሃን የአገሩን ገበሬዎች፣ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄዱትን ወታደሮች፣ ሙሽሮችንና ሕፃናትን ያለ ጌጥ ያነሣ ነበር። በ1951 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1959) ሲሞት በሺህ የሚቈጠሩ በመስታወት ላይ የተቀረጹ ፎቶግራፎች በፎቶ ቤቱ ቀሩ። ከከተማው ሰዎች አንዱ ዕቃውን በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ ባያስቀምጠው ኖሮ ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ከአሥር ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ የአገሩ ጋዜጣ አዘጋጅ አወጣቸው፣ በ1976ም መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። ዛሬ በትልልቅ ቤተ መዘክሮች ይታያሉ። ይህ ሰው በሕይወቱ ሳለ የታወቀው በዚያች ከተማ ብቻ ነበር።

አስተማሪው ያነሣውን በስልኩ ብቻ ቢተው አላስቀረውም፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ውኃ ይገባበታል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚላክ ፎቶግራፍ በመንገድ ላይ መጠኑ ስለሚቀነስ፣ ለማሳተም ሲፈለግ እንደ ፋይል መላክ ይሻላል። በሌላ ሚሞሪ ካርድ ላይ ቅጅውን አድርጎ በርእሰ መምህሩ ዘንድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚህም ሁሉ በላይ ወደ ፎቶ ቤት ወስዶ ማሳጠብ ነው። (ዛሬ በብዙ ፎቶ ቤት ወረቀቱን ውኃ ባይነካውም ሕዝቡ ያው ማሳጠብ ይለዋል፤ የቀድሞው ስም መልካም ስም ነውና ቢቀር አይጐዳም።) የታተመው በፖስታ ተከፍሎ በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጥ፤ ከጭስ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ይራቅ፣ ሣጥኑም ምስጥ እንዳያገኘው ከምድር ከፍ ይበል። በሙጫ ማጣበቅ ወረቀቱን ያበላሻል።

ወላጆች ሳይጠየቁ ልጅ አይነሣም። አንዳንዱ ቤተ ሰብ ስለ እምነቱ ወይም ስለሚያውቀው ፍርሃት እንቢ ይላል፤ ያን ጊዜ በዝርዝሩ ላይ ስሙ ተጽፎ ስፍራው ባዶ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም አይጠየቅም። በይነ መረብ ላይ የሚወጣውን በሚመለከት አስተማሪው ከሁሉ ይልቅ ይጠንቀቅ። ከእጅ የወጣ ፎቶግራፍ አይመለስም፤ ስምና የመንደር ስም አብሮት ከተጻፈ ደግሞ፣ የማይታወቅ ሰው ልጁን፣ ይልቁንም ሴት ልጅን፣ ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል። ስም የሚጻፈው በወረቀቱ ጀርባና በመዝገቡ ነው እንጂ በአደባባይ አይደለም።

የአሳታሚውን ዋጋ በሚመለከት የአገር ሽማግሎች ሊረዱ ይችላሉ። መክፈል የሚችል ወላጅ የሁለት ቅጅ ዋጋ ቢሰጥ፣ ሁለተኛው መክፈል ለማይችለው ልጅ ይሆናል፤ የማን ገንዘብ ለማን እንደ ዋለ ግን አይነገርም።

በመጨረሻም መልክ የሚነሣበት ቀን የገበያ ቀን ወይም የአጨዳ ሰሞን እንዳይሆን ቀኑን ማማከር ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ቀናት የሚቀሩት ከብት የሚጠብቁትና እናታቸውን የሚረዱት ልጆች ናቸውና። አስተማሪው ማታ ዝርዝሩን ከፎቶግራፎቹ ጋር ያመሳክር፤ ቀሪ ሆኖ የተገኘውን ልጅ ስም በወረቀት ጽፎ በኪሱ ይያዝ፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በተመለሰበት ጧት ከደወሉ በፊት በበሩ አቁሞ ያንሣው።